ከወርቁ በፊት ውሃውን እዩ

ስለ ኪርጊስታን ኢኮኖሚ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከወርቅ ይጀምራል። እውነት አለው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው የኩምቶር ማዕድን ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ሲያስገባላት ኖሯል። ሩሲያ የሄዱ ልጆቿም የብዙ ቤተሰብ ጓዳ ይሞላሉ። ግን በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ ነገሩን ከውስጥ የሚከታተሉት ሰዎች ብርዱ ከመግባቱ በፊት የሚጠያየቁት ስለ ወርቅ ዋጋ ሳይሆን ቶክቶጉል ስንት እንደ ደረሰ ነው።

ቶክቶጉል በናሪን ወንዝ ላይ በሶቪየት ዘመን የተሠራ ግድብ ነው። ሲሞላ 19.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የአገሪቱን ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ያህል የሚያመነጨውም እሱ ነው። ሞስኮ ስታስገነባው ግን ዋናው ሐሳቧ ጥጥ ነበር። በሙቀት ወራት ውሃው ተለቆ የኡዝቤኪስታንንና የካዛኪስታንን ማሳ ያጠጣ ነበር፤ በብርድ ወራት በምላሹ ጋዝና የድንጋይ ከሰል ወደ ተራራው ይወጣ ነበር።

በ1991 ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ የኪርጊስታን ጎረቤቶች ነዳጁን በገበያ ዋጋ ይሸጡላት ጀመር፤ ውሃው ግን ያለ ዋጋ መውረዱን ቀጠለ። ስለዚህ መዲናዋ ቢሽኬክ ሕዝቧ በብርድ እንዳያልቅ ተርባይኖቹን በታኅሣሥና በጥር አብዝታ ማዞር ያዘች። ያን ጊዜ ታች ናሪን የሚገባበት የሲር ዳርያ ወንዝ በበረዶ ስለሚታሰር የተለቀቀው ውሃ መሄጃ ያጣ ነበር። አንዳንዴ መንደር ያጥለቀልቅ ነበር፤ ብዙው ደግሞ አራል ባሕር ሳይደርስ ወደ አርናሳይ ረባዳ ምድር ፈስሶ ይቀር ነበር። ካዛኪስታን ይህን ወቅቱን የሳተ ውሃ ለመያዝ ብቻ ኮክሳራይ የተባለ ማጠራቀሚያ እስከ መሥራት ደርሳለች። ውሃን በነዳጅ ለመለወጥ በ1998 የተፈረመውም ስምምነት ብዙ አልዘለቀም፤ ዝናብ የበዛ ዓመት ሲመጣ ታች ያሉት ውሃውን አይፈልጉትም፣ ነዳጁም ይቀራል።

ታዲያ የመብራት ፍጆታው እንዲቀንስ ዋጋው ለረጅም ጊዜ ለምን ሳይስተካከል ቆየ? የተደፈረበት ጊዜ ስለማይረሳ ነው። በ2010 መግቢያ ላይ የመብራትና የማሞቂያ ታሪፍ ተሰቀለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ፕሬዚዳንት ኩርማንቤክ ባኪዬቭ አገር ጥለው ሸሹ። ሙስናውና የቤተሰብ አገዛዙም ሕዝቡን አንገፍግፎት ነበር፤ ይሁንና ታሪፉ የቁጣው አንዱ ምክንያት ስለ መሆኑ የሚከራከር የለም።

አሁን ደግሞ ከቶክቶጉል በላይ ካምባራታ-1 የተባለ 1,860 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ታስቧል። የውሃ ጉዳይ እስከ ጦርነት ሊያደርስ ይችላል ብለው በ2012 ያስጠነቀቁት የያኔው የኡዝቤኪስታን ፕሬዚዳንት እስላም ካሪሞቭ ነበሩ፤ በ2024 ግን አገራቸው ከካዛኪስታን ጋር ሆና ግድቡን አብራ ለመሥራት ተስማማች። ልብ በሉ፤ ካምባራታ በብርድ ወራት መብራት ለማመንጨት የሚለቀውን ውሃ ቶክቶጉል ከታች ተቀብሎ ለጥጡ ወራት ሊያቆየው ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ የግንባታው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የቶክቶጉል በር መቼና በማን ፈቃድ ይከፈት የሚለው ከኮንክሪቱ በፊት በጽሑፍ ካልታሰረ፣ ሦስቱም አገሮች ወደ 1991ዱ ክርክር ይመለሳሉ።