ፓሲቭ ቮይስ ምን በደለ?

በጥር 1987 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገን ለኮንግረሱ ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር ለኢራን በስውር የተሸጠውን የጦር መሣሪያ ጉዳይ አነሱ። ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ እንደሚወስዱ ተናገሩ። ወረድ ብለው ደግሞ «ከባድ ስህተቶች ተፈጽመዋል» አሉ። ሰው ይዞት የቀረው ይህን ሁለተኛውን ነው። ማን ፈጸማቸው? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። አድራጊው ሳይሆን ድርጊቱ የደረሰበት ባለቤት የሚሆንበት እንዲህ ያለ አነጋገር ፓሲቭ ይባላል፤ ተቃራኒው አክቲቭ ነው። «እርምጃ ተወስዷል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» እየተባለ ዜና ስንሰማ ለኖርን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መምህራንና ደራሲዎች ግን በፓሲቭ ላይ ጥርስ የነከሱት ከሬገን ብዙ ቀድመው ነው። መምህሩ ዊልያም ስትራንክ በ1918፣ ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል በ1946 አክቲቩን ምረጡ ብለው መክረዋል። ኦርዌል በዚያው በመከረበት መጣጥፍ ፓሲቭን ደጋግሞ መጠቀሙን ቋንቋ አጥኚዎች ሲያነሱበት ኖረዋል። እኔም ከአጥኚዎቹ ወገን ነኝ፤ የተከሰሰው ሌላ፣ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

አሠራሩን እንየው። «ዘ ቦይ ብሮክ ዘ ግላስ» ስንል ልጁ ብርጭቆውን ሰበረው ማለታችን ነው። በፓሲቭ ተሳቢው ወደ ባለቤቱ ቦታ ይመጣል፣ «ዎዝ» ይገባል፣ ግሱ ሦስተኛ ቅርጹን ይይዛል፦ «ዘ ግላስ ዎዝ ብሮክን»። አድራጊው ካስፈለገ በ«ባይ» ታስሮ ከኋላ ይከተላል። ትምህርት ቤት «ወደ ፓሲቭ ለውጡ» ስንባል «ባይ»ን የረሳ ማርክ ይቆረጥበት ነበር። በእውነተኛው ጽሑፍ ግን አብዛኛው ፓሲቭ «ባይ» የለውም። አድራጊው አንዳንዴ አይታወቅም፣ አንዳንዴ ሳይነገርም ይታወቃል፣ አንዳንዴ ማንም ቢሆን ለውጥ የለውም። ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሹን ማን እንዳሞቀው ማን ይጠይቃል?

የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የባለ ጉዳዩ ቦታ ነው። በኅዳር 1963 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ በጥይት ሲመቱ ዜናው የኬኔዲ ነበር፤ ተኳሹ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልታወቀም። ወሬውን በእሳቸው ስም የጀመረ ሁሉ ፓሲቭ መጠቀሙ ምንም አልደበቀም።

መደበቅ ከተፈለገማ ሌላ መንገድ አለ፦ «ዘ ግላስ ብሮክ»። ይህ አክቲቭ ነው። «ዎዝ» የለበትም፤ «ባይ ዘ ቦይ» ብለን ልጁን ልንጨምርበት ብንሞክርም አይቀበልም። ፓሲቩ ለልጁ በር ይተዋል፣ ይኸኛው ግን ዘግቶበታል። በአማርኛ «ተሰበረ» ለሁለቱም ስለሚያገለግል ልዩነቱ ያመልጠናል። «ተከሰተ»ም «ተ» ስላለው ሳይሆን አይቀርም ተማሪዎቻችን «ዎዝ ሃፕንድ» ብለው የሚጽፉት፤ «ሃፕን» ግን ፓሲቭ የለውም።

ይህ የሰዋስው ወግ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ኬትሊን ፎሲና ሌራ ቦሮዲትስኪ በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በ2004ቱ የሱፐር ቦውል መድረክ የዘፋኟ የጃኔት ጃክሰን ልብስ የተቀደደበትን ክስተት ለሰዎች አስነበቡ። ለአንዱ ቡድን አብሯት የዘፈነው ጀስቲን ቲምበርሌክ ልብሱን እንደቀደደው፣ ለሌላው ልብሱ እንደተቀደደ የሚገልጽ ጽሑፍ ተሰጠ። የመጀመሪያው ቡድን በሰውየው ላይ የበለጠ ጥፋት አየበት፣ ከፍ ያለ የገንዘብ ቅጣትም ፈረደበት። ቪዲዮውን ያዩትም ከዚህ አላመለጡም። ልብ በሉ፣ በእንግሊዝኛው ልብሱ ተቀደደ የሚለው ፓሲቭ አይደለም፤ እንደ «ብሮክ» ያለ አክቲቭ ነው።

ሌላው የፓሲቭ ወቀሳ ይከብዳል የሚል ነው። እዚህ ላይ እውነት አለው፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ትንንሽ ልጆች «ውሻው በድመቷ ተባረረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ፊት የመጣውን አባራሪ ያደርጉታል። የቋንቋ ተመራማሪው ዳን ስሎቢን በ1966 እንዳሳየው ግን ትርጉሙ ሊገለበጥ ካልቻለ ችግሩ ይቀላል፤ አበባ ውሃ የሚያጠጣ ልጅ እንጂ ልጅ ውሃ የሚያጠጣ አበባ የለም። በደቡብ አፍሪካና በሌሶቶ የሚነገረው ሴሶቶ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የቋንቋ ተመራማሪዋ ካትሪን ዴሙዝ በ1989 እንደዘገበችው የሴሶቶ ልጆች ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ፓሲቭን ይናገራሉ። በቋንቋቸው «ማን» የሚለው መጠይቅ በባለቤቱ ቦታ አይገባም። ስለዚህ ምግቡን ማን አበሰለው ለማለት ከሚጠይቁባቸው መንገዶች አንዱ «በማን ተበሰለ?» ነው፤ አድራጊውን የሚያፈላልጉት በፓሲቭ ነው።