የግል ትምህርት ቤት ክፍያና በመልካም የመንግሥት ትምህርት ቤት አጠገብ የሚገዛ ቤት

ነጋዴ የሆነ ሰው የአንድ ኩንታል ድንች ወይም ገብስ የመግዣውን፥ የማጓጓዣውንና የመሸጫውን ዋጋ ለይቶ ሳያሰላ ገንዘቡን አያወጣም። ለልጆቹ ትምህርት ግን በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ ሒሳቡን በወረቀት የሚያሰፍረው ጥቂቱ ነው። በደብረ ታቦር፥ በክምር ድንጋይ፥ በእስቴና በነፋስ መውጫ ለሚነግድ ቤተ ሰብ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጆችን በግል ትምህርት ቤት አስገብቶ በየወሩ መክፈል ይሻላል ወይስ ስሙ በተመሰገነ የመንግሥት ትምህርት ቤት አጠገብ ቤት ገዝቶ መኖር?

ባገራችን ትምህርትን ፍለጋ ከቤት መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ በእግሩ ሲጓዝ ኖሯል። በዚያ ዘመን ተማሪው ብቻውን ወደ መምህሩ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ግን ቤቱም አብሮ እንዲሄድ ስለታሰበ ነገሩ የሒሳብ ጥያቄ ሆኗል።

በመጀመሪያ፥ «የግል» ወይም «የመንግሥት» የሚለው ስም ብቻውን የትምህርት ጥራት ምስክር አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። እንግዲህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ አንዱ፥ ልጁ ስለሚገባበት ትምህርት ቤት ነው። ይኸውም ባለፉት ዓመታት በ6ኛ፥ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ፈተና ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንት አሳለፈ፥ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይቀመጣል፥ መምህራኑስ ስንት ዓመት ይቆያሉ የሚለው ነው።

ሁለተኛው፥ ቤት ሲገዛ በእርግጥ ምን እንደሚገዛ ማወቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የሚሸጠውና የሚለወጠው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ደንግጓል። ገዢው ከሻጩ ጋር ከመዋዋሉ በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚከፈለውን ሁሉ ጠይቆ ማወቅ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት ብቻ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ቤቱንም የልጆቹንም ትምህርት ለአደጋ ይሰጣል።

በውጭ አገር ይህ ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል። ሳንድራ ብላክ የተባለች የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 በቦስተን ከተማ ዙሪያ ባወጣችው ጥናት፥ የትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት 5 በመቶ ከፍ ሲል ወላጆች ለቤት 2.5 በመቶ ያህል ጨምረው እንደሚከፍሉ አሳይታለች። ነገር ግን በዚያ አገር የትምህርት ቤቱ ገቢ አንዱ ምንጭ የአካባቢው የቤት ግብር ነው። በእኛ ዘንድ በጀቱ ከመንግሥት ስለሚመጣ፥ ርእሰ መምህሩ ወይም ጥሩዎቹ መምህራን ቢዛወሩ በአጠገቡ ውድ ቤት መኖሩ ትምህርት ቤቱን አይጠብቀውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ሁለት ልጆች ለእያንዳንዳቸው በወር 3,000 ብር፥ በዓመት 10 ወር ቢከፈልላቸው፥ የዓመቱ ወጪ 60,000 ብር ይሆናል። ክፍያው ሳይጨምር 12 ዓመት ቢቆይ ድምሩ 720,000 ብር ነው፤ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር ግን 1,740,000 ብር ያህል ይደርሳል። በቤቱ በኩል የሚታሰበው የቤቱ ሙሉ ዋጋ ሳይሆን፥ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ቤትና ራቅ ብሎ ባለው ተመሳሳይ ቤት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ 600,000 ብር ነው እንበል። ይህ ገንዘብ በንግድ ውስጥ ቢቆይ በዓመት 12 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ፥ ቤት የገዛው ሰው በየዓመቱ 72,000 ብር ትርፍ ያጣል። የትምህርት ቤት ክፍያው ከዚህ የሚበልጠው በ3ኛው ዓመት ነው። ንግዱ 20 በመቶ የሚያተርፍ ቢሆን ግን የሚታጣው 120,000 ብር ስለሆነ ክፍያው የሚበልጠው በ6ኛው ዓመት ይሆናል።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር የቤቱ ወጪ በልጆች ቁጥር አለመጨመሩ ነው። በ12 በመቶው ሒሳብ አንድ ልጅ ላለው ሰው ክፍያው የሚበልጠው በ8ኛው ዓመት ሲሆን፥ አራት ልጆች ላሉት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይበልጣል። በተጨማሪም የተከፈለ የትምህርት ክፍያ አይመለስም፤ ቤት ግን ልጆቹ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ይሸጣል ወይም ይከራያል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ የማያሳየው አደጋ አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታለች፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተስፋፋው ግጭትም በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አድርጓል። የሚከፍል ሰው ችግር ሲመጣ ልጆቹን ወደ ሌላ ከተማ ያዛውራል፤ ቤት ግን ተነሥቶ አይሄድም። እንዲሁም የሱቁን መንቀሳቀሻ ገንዘብ አውጥቶ ቤት የሚገዛ፥ ከዚያም ለሸቀጥ መግዣ በወለድ የሚበደር ነጋዴ፥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው በእርሱ ይፈጸማል። ገቢው ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዳው ትምህርቱ ነው።

ስለዚህ ለሚያመነታ ሰው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም በትምህርት ቤቱ አጠገብ አስቀድሞ ቤት መከራየት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ በሚኖሩበት ከተማ ሥራ ላይ መዋሉን ጠይቆ መረዳት ነው። ሁለት ዓመት የአንድን ትምህርት ቤት ጠባይ ለማወቅ ይበቃል። ልጆቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፥ ትንንሾች ከሆኑና ገንዘቡ ከንግዱ የተረፈ ከሆነ ቤት መግዛት ያዋጣል። ልጁ አንድ ከሆነ ወይም ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ዓመት ከቀረው፥ ገንዘቡን በንግዱ አቆይቶ ክፍያውን መክፈል ይሻላል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የልጁን ደብተር ማታ ማታ የሚያይ ወላጅ ያስፈልጋል፤ ይህን ሥራ ወርኃዊ ክፍያም ቤትም አይተካውም።