ፕሮቲን የማይሠሩት አርኤንኤዎች ስለ ኃይለኛው የጡት ካንሰር ምን ይነግሩናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



«የጡት ካንሰር» ሲባል ብዙዎቻችን አንድ በሽታ ይመስለናል። ሐኪሞች ግን በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ በሽታዎች አድርገው ነው የሚያዩት። አንዱ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ሌላው በአጭር ጊዜ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ይዛመታል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ሲገኝባቸው፣ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸው አልፏል። በሀገራችንም ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው ይኸው ነው። በዚህ እትም ስለ ኃይለኛው ዓይነትና ተመራማሪዎች ጠባዩን ቀድሞ ለማወቅ ስለሚከተሉት አንድ መንገድ እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።

ትሪፕል ኔጌቲቭ ማለት ምን ማለት ነው?

ከጡት እብጠት ናሙና ሲወሰድ በላቦራቶሪ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ፤ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እና ኸር-2 የተባለ ፕሮቲን። የመጀመሪያዎቹ ካሉ እንደ ታሞክሲፈን ያሉ የሆርሞን መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ኸር-2 በብዛት ካለ ደግሞ እሱን ለይቶ የሚመታ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት አለ። ሦስቱም ከሌሉ በሽታው «ትሪፕል ኔጌቲቭ» ይባላል። ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ይህ ዓይነት ነው። ከ40 ዓመት በታች ባሉ ሴቶችና ብራካ-1 የተባለው ጂን በተበላሸባቸው ዘንድ በብዛት ይታያል።

የዚህ ዓይነት ካንሰር ዋናው ሕክምና ከቀዶ ጥገናና ከጨረር ጋር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ነው። በቅርብ ዓመታት የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶችም ተጨምረዋል። በሽታው ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ስጋቱ በጣም ይቀንሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለት እህቶች ተመሳሳይ ውጤት ይዘው ሕክምና ይጀምራሉ። አንዷ በኬሞቴራፒው እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋላታል፤ ሌላዋ ግን በዓመቱ ይመለስባታል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱ ዕጢዎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ታዲያ የትኛዋ ጠንከር ያለ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ከመነሻው የሚጠቁም ምልክት ይገኝ ይሆን?

ተንቆ የቆየው ክፍል

የሰው ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ፕሮቲን ለመሥራት መመሪያ የሚሆኑት ጂኖች ግን ወደ 20 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ከጠቅላላው ከ2 በመቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዙት። ቀሪውን ክፍል ብዙ ሰዎች ለረጅም ጊዜ «ቆሻሻ ዲኤንኤ» ይሉት ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ ሲያጠኑ፣ ፕሮቲን የማይሠራ ግን ሌላ ጂን የሚቆጣጠር አጭር አርኤንኤ አገኙ። መጀመሪያ ላይ የትሏ ብቻ ጠባይ ነው ተብሎ ብዙም ትኩረት አላገኘም ነበር። በኋላ በሰውም እንዳለ ታወቀ፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶችም በ2024 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህ ማለት እያንዳንዱ ፊደል ሥራው ታውቋል ማለት አይደለም። ለእኛ ግን ትምህርት አለው፤ ያላወቅነውን ነገር «ጥቅም የለውም» ብለን ለመፍረድ መቸኮል የለብንም። አላህ (ሱ.ወ.) በፍጥረቱ ላይ እንድናስተነትን ያዘዘን በከንቱ አይደለም።

እንዴት ይሠራሉ?

ጉዳዩን በግቢያችን ምሳሌ እንየው። ዲኤንኤ ከቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ የማይፈቀድ መጽሐፍ ነው። መልእክተኛው አርኤንኤ ከመጽሐፉ ላይ የሚነሳው ፎቶ ኮፒ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ኮፒውን አንብበን የምንሠራው ሥራ ነው። ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉት 22 ፊደል ገደማ ርዝመት ያላቸው ናቸው፤ የተወሰኑ ኮፒዎችን ለይተው ይይዙና እንዳይነበቡ ያደርጋሉ ወይም ያስቀድዳሉ። ከ200 ፊደል በላይ የሆኑት ረጃጅሞቹ ደግሞ አንዳንዶቹ መደርደሪያው ራሱ እንዲቆለፍ የሚያዙ ናቸው፤ ኮፒ እንኳ አይነሳም።

በካንሰር ጊዜ ይህ ሥርዓት ይዛባል። ሚር-21 የተባለው ማይክሮ አርኤንኤ በጡት ካንሰር ውስጥ ይበዛል፤ ፒተን የተባለውን የሴል እድገት ፍሬን ያዳክማል። የሚር-200 ቤተሰብ ደግሞ ሴሎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተያይዘው እንዲቆዩ ይረዳል፤ እሱ ሲጠፋ ሴሎቹ ተላቀው ለመሰደድ ይዘጋጃሉ። ከረጃጅሞቹ መካከል ሆትኤር የተባለው በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታዋቂ ሆነ። በዕጢያቸው ውስጥ የሆትኤር መጠን ከፍ ያለባቸው ታማሚዎች በሽታው የመዛመትና ለሞት የመዳረግ ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ለምልክትነት ለምን ተመረጡ?

በ2008 እ.ኤ.አ. ማይክሮ አርኤንኤዎች በደም ውስጥ ሳይበላሹ እንደሚቆዩ ታወቀ። በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ተጠቅልለው ወይም ከፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ስለሚዞሩ ነው። በጣም ትንሽ መጠናቸውም በፒሲአር ሊለካ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሦስት ነገር ይመኛሉ፤ በሽታውን በደም ናሙና ቀድሞ ማወቅ፣ የሚመለስበትን ታማሚ መለየት፣ እና ኬሞቴራፒው ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ መተንበይ። ምኞቱ መሠረት አለው። ለፕሮስቴት ካንሰር ፒሲኤ-3 የተባለ ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤን ከሽንት የሚለካ ምርመራ በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ገና ያልተፈታው ችግር

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አማና ነው። በጡት ካንሰር ላይ የተደረጉት ብዙዎቹ ጥናቶች በጥቂት ታማሚዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ውጤታቸውም እርስ በርስ ሁልጊዜ አይስማማም። ደም ሲቀዳ ቀይ የደም ሴሎች ከተሰበሩ የራሳቸውን ማይክሮ አርኤንኤ ስለሚያፈሱ ልኬቱ ይበላሻል። ሚር-21 ደግሞ በሌሎች ካንሰሮችና በቁጣ ሕመሞችም ስለሚጨምር «ይህ የጡት ካንሰር ነው» ብሎ ለብቻው አይመሰክርም። ማላት-1 የተባለው ረጅም አርኤንኤ ካንሰርን ያዛምታል ተብሎ ለዓመታት ሲነገር ቆይቶ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በጡት ካንሰር ላይ መዛመትን ሊገታ እንደሚችል አሳይቷል። በተጨማሪም ከአፍሪካ ሴቶች የተወሰዱ ናሙናዎች በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ እነዚህ ምርመራዎች ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየትን አልተኩም። «በአንድ ጠብታ ደም ካንሰርን እናውቃለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ በጥንቃቄ ተመልከቱት።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አንዘግይ። በሀገራችን ብዙ እህቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በጡት ወይም በብብት ሥር እብጠት፣ የቆዳ መሸብሸብ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መሳይ ፈሳሽ ከታየ ባያምም መመርመር ያስፈልጋል። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ግን ይህን የሚወስነው ምርመራ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐያእ ከሕክምና አያግደን። ሐያእ የኢማን ክፍል ነው፤ ሕይወትን መጠበቅም ከሸሪዓችን ዓላማዎች አንዱ ነው። ሴት ሐኪም ካለች እሷ ትቅደም። ካልተገኘች ግን ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን ወንድ ሐኪም እንዲመረምር ዑለሞች ፈቅደዋል።

ሦስተኛ፣ ሩቅያ፣ ዱዓና ጥቁር አዝሙድ ከሕክምናው ጋር ይሁኑ እንጂ እሱን አይተኩት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለበሽታ መድኃኒት እንዳለው ነግረውን እንድንታከም አዘውናል። ግመልን ሳያስሩ መተው ተወኩል አይደለም።

አራተኛ፣ የቤተሰባችንን ታሪክ እንጠይቅ። የተበላሸ ብራካ-1 ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአባት ወገንም ይወረሳል። ስለዚህ የአክስት ሕመም በአባት በኩልም ቢሆን ለሐኪም ይነገር። ወንድሞችም ጥቂት ቢሆኑም በጡት ካንሰር ይያዛሉ።

አምስተኛ፣ ናሙና የተወሰደላት ዘመድ ካለችን የሦስቱ ተቀባዮች ውጤት እንዲሠራላት እንጠይቅ። ሕክምናው የሚመረጠው በእሱ ነው።

በመጨረሻም በሕክምና፣ በፋርማሲ፣ በባዮቴክኖሎጂና በስታቲስቲክስ ለምትማሩ እህትና ወንድሞች አንድ ቃል አለን። የእናቶቻችን ናሙና ያልገባበት ጥናት ለእናቶቻችን በትክክል ላይመልስ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ ይህን አስቡት። ሰው የሚጠቀምበት ዒልም ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ምንዳው አይቋረጥም።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ የሞቱትን ይማርልን፣ ዕውቀታችንንም ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።