ለጀማሪ አዳሽ የሚስማማ አሮጌ መኪና፤ ተረቱና እውነታው

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተጠብቆ መኖሩን የሚያውቅ የሐይቅና የአምባሰል ሰው፥ የቀደመውን ዘመን ሥራ ማክበርን ከሌላ መማር አያስፈልገውም፤ ይሁን እንጂ አሮጌ አውቶሞቢል ገዝቶ በገዛ እጁ ለማደስ የተነሣ ጀማሪ፥ ከአንደበት ወደ አንደበት በሚተላለፍ ወሬ ተመርቶ ገንዘቡንም ተስፋውንም እንዳያባክን፥ አባባሎቹን ከእውነታው ጋር ማስተያየት ይገባል።

ተረት፦ ብርቅ የሆነውን መምረጥ ይበጃል።

እውነታ፦ ብርቅነት ለባለጸጋ ሰብሳቢ ክብር ቢሆን፥ ለጀማሪ ግን ፈተና ነው፤ አንዲት የፍሬን ጎሚኒ ስትታጣ ሥራው ሁሉ ይቆማልና። የሚሻለው ብዙ የተሠራ፥ ብዙ መካኒክም የሚያውቀው ነው፤ በአገራችን ይህን ማዕርግ የያዘው ሕዝቡ ቮልስ የሚለው ቮልስዋገን ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ የወጣው ይህ መኪና፥ በእኛ ዘንድ ከመለመዱ የተነሣ ከታሪካችንም ገብቷል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበርና።

ተረት፦ ሞተሩ ደኅና ከሆነ መኪናው ደኅና ነው።

እውነታ፦ የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በ4 ብሎን ብቻ ስለ ሆነ፥ በቀላሉ ወርዶ ይታደሳል፤ ዝገት የበላው ላሜራ ግን ብዙ ብየዳና ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ የሚያንጠባጥበው አሲድ ወለሉን ይበላል፤ ስለዚህ ገዢው ምንጣፉን ገልጦ ይመርምር፥ በቀለሙም ላይ ማግኔት ያሳልፍ፤ ማግኔት ከብረት እንጂ ከስቱኮ አይጣበቅምና የተሸፈነውን ይገልጣል።

ተረት፦ ውሃ የማይሻ ሞተር አይግልም።

እውነታ፦ ቮልስ ራዲያተር የለውም ማለት ሙቀት የለውም ማለት አይደለም። ሞተሩን የሚያበርደው በችንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው፤ በአምባሰል ዳገት ላይ ችንጋው ቢበጠስና ቀዩ መብራት ቢበራ፥ ነጂው ወዲያው ሊቆም ይገባዋል። ዘይቱም 2 ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ፥ በአሮጌውም ሞዴል ከወንፊት በቀር ፊልትሮ ስለሌለ፥ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። ደግሞም 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በዚህ ምድር አየሩ ስስ ነውና፥ እንዲህ ያለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ዳገት ላይ የደከመ ሁሉ ሞቷል ተብሎ አይፈረድበት፤ አስቀድሞ ካርቡራተሩ ይስተካከል።

ተረት፦ ርካሽ ግዢ ትርፍ ነው።

እውነታ፦ ዕቃው የጎደለ መኪና በኋላ ከደኅናው ይበልጥ ያስወጣል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፥ ጀማሪው የሚመርጠው በአገር ውስጥ ካለው ነው። በሊብሬው የተጻፈው ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር በሻንሲው ላይ ከተቀረጸው ጋር ካልተስማማ፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተወው።

እንግዲህ መለዋወጫው የሚገኝ፥ ላሜራው ጤነኛ፥ ወረቀቱም ንጹሕ የሆነውን የመረጠ ጀማሪ፥ ቀለም ከመቀባቱ አስቀድሞ ፍሬኑን ያድስ፤ የአምባሰልን ዳገት የወጣ መኪና ቁልቁለቱን መውረዱ አይቀርምና።