ስለ ፈተና እውነተኛነት

በሚዛንና በአማን፣ በቴፒም አገር የሚኖር ሰው ቡናን በዓይኑ ብቻ አይቶ አይፈርድም። ጥሬው ፍሬ ከቀላው ጋር ተቀላቅሎ ቢደርቅ በጆንያው አፍ ላይ መልካም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ተቆልቶና ተፈልቶ ከቀማሹ ምላስ በደረሰ ጊዜ የለቃሚው ጥድፊያ ይገለጣል። የትምህርት ቤት ፈተናም ለዕውቀት እንዲህ ያለ ቅምሻ ይሆን ዘንድ የተሠራ ነው፤ ሆኖም በአገራችን በብዙ ስፍራ ሻጩና ቀማሹ አንድ ሰው ሆነው ቆዩ።

በ2008 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የተዘጋጀው ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ተሰርቆ በመውጣቱ ግንቦት 22 ቀን ተሠረዘ፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ሌላ ፈተና ተሰጠ። ያ ስርቆት ለሁሉ የታየ ነበረ። ከዚያ የሚከፋው ግን ፈታኙ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መምህሩ መልሱን እየጠቆመ፣ ሹሙም ወረዳው ብዙ አሳለፈ ይባልለት ዘንድ ዝም እያለ በጸጥታ የሚፈጸመው ኩረጃ ነው።

ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ አስፈተነ፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ከተቀበሉት አንዱ ነበረ። ጥር 19 ቀን ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909፣ ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. የተፈተኑትም ያለፉት ከመቶ 5.4 ነበሩ።

ይህን ቍጥር አይቶ ልጆቹ ሰነፉ የሚል ሰው ለፍርድ ቸኩሏል። ከቡና ለቀማ ተርፋ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አልፈሻል» ስትባል ኖራ፣ በመጨረሻው ቀን ብቻ እውነቱን ብትሰማ፣ ጥፋቱ ከእርስዋ ይልቅ ካርዷን እየፈረሙ የሰጧት ታላላቆች ነው።

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት ቅኔውን ሲነግር አጤሬራ የሚሸሽግበት እጅጌ አይጠቅመውም፤ የሌላውን ቅኔ አምጥቶ የራሱ ቢያስመስል እንኳ ሰዋስውና ምሥጢሩ ሲጠየቅ ይያዛል። በርግጥ ብዙ ልጆች በተጨናነቁበት የዛሬ ክፍል ሁሉን በቃል መፈተን አይቻልም። ነገር ግን የተጠረጠረውን አንዱን ልጅ ብቻውን ጠርቶ «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ማስረዳት እንዲሞክር ማድረግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ዛሬ ግን የተለመደው ወረቀቱን ቀምቶ ዜሮ መስጠት ነው፤ ልጁም ከዚያ የሚማረው በሚቀጥለው ጊዜ ተጠንቅቆ መደበቅን ነው። ቅጣቱ አይቅር፤ ያቃተው ትምህርት ግን ተለይቶ ታውቆ ይማረው፤ እንደ ገናም ይፈተን። መልስ የሸጠውን ወይም የነገረውን ታላቅ ሰው ግን ከዚህ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም፤ እርሱ ለሕግ ነው።

የወረዳው ሹምም ርእሰ መምህሩን «ስንት አሳለፍህ?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ የ9ኛውንና የ10ኛውን ክፍል የፈተና ወረቀት አስመጥቶ፣ የወደቁትንም ጨምሮ ቢመረምር፣ እውነተኛውን ነጥብ የጻፈ መምህር ለሥራው አይፈራም ነበር።