ለእናት ጉልበት ግማሽ ሰዓት

ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ተሞልቶ ከደረጃው ሥር ቆሟል። ቤትዎ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ልጆች ከትምህርት ቤት አልተመለሱም፤ ውኃው የመጣው በፈረቃ ነውና ለነገ ይደር አይባልም። ስለዚህ ጎንበስ ይሉና እጀታውን ጨብጠው በአንድ ትንፋሽ ያነሱታል። 2ኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ አሳርፈው ግድግዳውን ይደገፋሉ። ልብዎ ይመታል፤ ጉልበትዎ ይንቀጠቀጣል። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ወገብዎን ይዘው ከአልጋ ይነሳሉ።

ውድ አንባቢያችን፣ ይህ የብዙ የከተማ እናቶች ኑሮ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ባይሆኑ እንኳ የጤፍ ከረጢት፣ የከሰል ማዳበሪያ፣ ወይም ጀርባዎ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ይኖራል። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን፣ የተሞላው ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑ ነው። በስፖርት ቤት ይህን ያህል ክብደት የሚያነሳ ሰው አስቀድሞ ሰውነቱን ያሟሙቃል፤ ከቀላል ይጀምራል፤ አያያዙን ይማራል። እናት ግን ሳትዘጋጅ፣ ደክሟት ሳለ፣ በችኮላ ታነሳዋለች። ሸክሙ እንደሆነ ነገም አይቀርም፤ ሰውነታችንን ለሸክሙ ማዘጋጀት ግን በእጃችን ነው።

በዛሬው ዓምዳችን ለስፖርት ቤት ወርኃዊ ክፍያ ሳያወጡና ከቤት ሳይርቁ፣ ጡንቻንም ልብንም የሚያጠነክር ልምምድ እንዴት እንደሚጀመር እናወያይዎታለን።

«ቀኑን ሙሉ ስለፋ ውዬ ደግሞ ስፖርት?»

ይህን የሚሉ እናቶች አልተሳሳቱም። እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤት መወልወል ሁሉም እንቅስቃሴ ነው፤ ለጤናም ይቆጠራል። ነገር ግን የቤት ሥራ አንድ ጉድለት አለበት። በሳፋም ሆነ በምጣድ ላይ ስናጎነብስ የምናደክመው ያንኑ ወገብና ያንኑ ትከሻ ነው። ወገብን ከጉዳት የሚጠብቁት የጭን፣ የመቀመጫ፣ የሆድና የላይኛው ጀርባ ጡንቻዎች በቂ ሥራ አያገኙም። በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ለምትውል ሠራተኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

ዕድሜም የራሱን ይወስዳል። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አጥንትም ፈጠን ብሎ ይሳሳል። ጡንቻን የሚያሠራ ልምምድ ይህን ያዘገየዋል። ፈጣን እርምጃና ደረጃ መውጣት በበኩላቸው ልብን ያጠነክራሉ፤ በደም ግፊትና በስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል ይቀንሳሉ።

ምን ያህል ይበቃል? የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 64 ዓመት የሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ማድረግ ይገባዋል። በተጨማሪም ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ የማጠንከሪያ ልምምድ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ቢሠራ ይበልጥ ይጠቀማል። በቀድሞው መመሪያ አንዱ እንቅስቃሴ እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት ነበረበት፤ አዲሱ ይህን አስቀርቶታል። ለእናቶች ይህ መልካም ዜና ነው፤ ወጡ እስኪበስል የተሠራች 5 ደቂቃም ትቆጠራለች።

ዕቃው ቤትዎ ውስጥ አለ

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ዙሪያዎን ይመልከቱ። የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው።

አንድ ሰሌን ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ፤ አንድ የማይነቃነቅ ወንበር፤ በተለምዶ ሃይላንድ የምንላቸው 2 የፕላስቲክ ጠርሙሶች፤ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን። ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ውኃ ሲሞላ 1 ኪሎ፣ ባለ 2 ሊትሩ 2 ኪሎ ይሆናል። ደረቅ አሸዋ ቢሞሉበት ደግሞ ከውኃው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ጀሪካኑ ከሁሉም ይበልጥ ጠቃሚ ነው፤ ዛሬ 2 ሊትር፣ ከ2 ሳምንት በኋላ 2 ሊትር ተኩል እያሉ ክብደቱን እንደ ጉልበትዎ ያሳድጉታል። ክዳኑን አጥብቆ መዝጋትን አይርሱ።

ስድስቱ ልምምዶች

በመጀመሪያ ለ5 ደቂቃ ባሉበት ቆመው እየተራመዱ፣ ትከሻዎን እያዞሩ፣ ክንድዎን እያወዛወዙ ሰውነትዎን ያሟሙቁ። ከዚያ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሥሩ።

1ኛ፣ መቀመጥና መነሳት። ወንበሩን ከግድግዳ ያስጠጉ። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው፣ ደረትዎን ቀና አድርገው፣ መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየላኩ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ በእጅዎ ሳይደገፉ ይነሱ። 10 ጊዜ። ሲቀልልዎ ወንበሩን ነክተው ብቻ ይነሱ፤ ከዚያም ጠርሙሶቹን ይዘው ይሥሩት።

2ኛ፣ ግድግዳ መግፋት። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ያህል ርቀው መዳፍዎን በደረትዎ ትክክል ያሳርፉ። ሰውነትዎን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርገው ክርንዎን እያጠፉ ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ ገፍተው ይመለሱ። 10 ጊዜ። ሲበረቱ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎም በጉልበትዎ ተንበርክከው መሬት ላይ ይሥሩት።

3ኛ፣ ጀሪካን መሳብ። በአንድ እጅዎ ወንበሩን ይደገፉ፤ ጀርባዎን ሳያጎብጡ ዘንበል ይበሉ። በሌላው እጅዎ ጀሪካኑን ከመሬት ወደ ጎንዎ ይሳቡና በዝግታ ያውርዱ። በየእጁ 10 ጊዜ። በማጎንበስ ብዛት ለጎበጠ ትከሻ ይህ ዋነኛው ልምምድ ነው።

4ኛ፣ ወገብ ማንሳት። ሰሌኑ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ እግርዎን መሬት ያስረግጡ። መቀመጫዎን ጨብጠው ከትከሻዎ እስከ ጉልበትዎ ቀጥ ያለ መስመር እስኪሆን ወገብዎን ያንሱ። 3 እስኪቆጥሩ ቆይተው ያውርዱ። 10 ጊዜ።

5ኛ፣ ጠርሙስ ወደ ላይ መግፋት። ቆመው ወይም ተቀምጠው ሁለቱን ጠርሙሶች ከትከሻዎ ወደ ላይ ይግፉ፤ በዝግታ ይመልሱ። 10 ጊዜ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ሲሰቅሉ ጥቅሙን ያዩታል።

6ኛ፣ በክርን ተደግፎ መቆየት። በሆድዎ ተኝተው በክርንዎና በጉልበትዎ ተደግፈው ሰውነትዎን ከመሬት ያንሱ። ሆድዎን ሳይለቁ ለ15 ሴኮንድ ይቆዩ። በየሳምንቱ 5 ሴኮንድ ይጨምሩ።

ስድስቱን ጨርሰው 2 ደቂቃ አርፈው አንድ ጊዜ ይድገሙ። ማሟሟቂያውን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ትንፋሽዎን አያፍኑ፤ ሲገፉና ሲያነሱ ያስወጡ፣ ሲመልሱ ያስገቡ። አንዱን ልምምድ 15 ጊዜ ያለ ችግር መሥራት ሲችሉ ቁጥሩን ወደ 10 መልሰው ክብደቱን በጥቂቱ ይጨምሩ። ጡንቻ የሚጠነክረው ሥራው በጥቂት በጥቂቱ ሲከብድበት ነው። ለዓመታት ያንኑ ክብደት ማንሳት የነበረውን ይጠብቅ ይሆናል እንጂ አዲስ ጉልበት አይሰጥም።

ለልብና ለሳምባ

ለዚህኛው ክፍል ምንም ዕቃ አያሻም። ወደ ሥራ ሲሄዱ ከታክሲ ወይም ከአውቶቡስ አስቀድመው ወርደው 15 ደቂቃ፣ ሲመለሱም 15 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። በ5 የሥራ ቀን 150 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ቤት የሚውሉ ከሆነ ደረጃው አለልዎ፤ ለ1 ደቂቃ ወጥተው፣ ቀስ ብለው ወርደው፣ ትንፋሽዎ ሲመለስ እንደገና ይውጡ። ለመጀመሪያ ሳምንት 5 ዙር ይበቃል። ረጅም ቀሚስና የሚያንሸራትት ጫማ ግን ደረጃ ላይ አደጋ ነው። ጉልበትዎ ጤነኛ ከሆነ ገመድ ዝላይም መልካም ነው፤ 30 ሴኮንድ ዘለው 30 ሴኮንድ ያርፉ።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተንቀሳቀሱ ማውራት ከቻሉ፣ ነገር ግን መዝፈን ካቃትዎ፣ መካከለኛው ልክ ላይ ነዎት። መዝፈን ከቻሉ ይፍጠኑ፤ ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ካቃትዎ በመጀመሪያው ሰሞን ቀዝቀዝ ይበሉ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በቅርቡ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንቅም፤ ቀስ ብሎ ይለምዳል።

ፕሮግራሙን እንዲህ ማቀድ ይቻላል። ሰኞና ሐሙስ ስድስቱ ልምምዶች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እርምጃ ወይም ደረጃ፤ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ወይም ከልጆች ጋር ሽርሽር። በሁለቱ የማጠንከሪያ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ፤ የደከመ ጡንቻ የሚጠገነው በዕረፍት ነው። በጾም ወራት መጠኑን ቀንሰው፣ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያው ወይም ወደ ምግብ ሰዓቱ ያስጠጉ። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ የሚበሉ ከሆነም እንቁላልና ወተት፣ ለጡንቻ መገንቢያ የሚሆነውን ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ጥንቃቄ

በመጀመሪያው ሳምንት ጡንቻ ቢያምዎ አይስጉ፤ በ2 ወይም በ3 ቀን ይለቅቃል። የመገጣጠሚያ ስል ሕመም ግን ልምምዱን ለማቆም ምልክት ነው። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ወዲያው ያቁሙና ወደ ሐኪም ይሂዱ። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለባት እናት ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ነፍሰ ጡርም በሐኪም ምክር እየተመራች ብትንቀሳቀስ ትጠቀማለች። አራስ እናት፣ በተለይ በቀዶ ጥገና የወለደች፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድላት ክብደት አታንሳ። ስታስነጥስ ወይም ስትዘል ሽንት የሚያመልጣት እናት ዝላዩን ትታ በእርምጃ ብትቀጥል ይሻላል፤ ነገሩ ከወሊድ በኋላ የሚያጋጥምና ሕክምና ያለው በመሆኑ አፍራ ዝም ልትል አይገባም።

ግማሹን ሰዓት ማን ይስጥ?

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ ሰዓቱ ነው። እናት ተቀምጣ ስትታይ የምትታዘዝበት፣ ቆማ ስትታይም ሥራ የሚጨመርላት ቤት ብዙ ነው። «ሲተርፈኝ እሠራለሁ» ያለች እናት ደግሞ መቼም አይተርፋት። ስለዚህ ሰኞና ሐሙስ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለቤተሰቡ አስቀድመው ይንገሩ። ባለቤትዎ በዚያች ግማሽ ሰዓት ሕፃኑን ይያዝ፤ ትልቁ ልጅ ዕቃ ይጠብ፤ ትንሿ ደግሞ አጠገብዎ ቆማ ትቁጠርልዎ። አባት የልጁን የደብተር ሥራ እያየ ሩብ ሰዓት ቢጨምር ቤቱ አይፈርስም። እናት ወገቧን ታማ ስትተኛ ግን የቤቱ ሥራ ሁሉ ይቆማል።

«ጎረቤት ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ጎረቤቷን ራሷን ይጥሯት። ሁለት ሦስት ሆነው ቡናው ከመቆላቱ በፊት ቢሠሩት ሰዓቱም አይረሳ፣ ጨዋታውም አይቀር። እናትነት ከስፖርት እንደማያግድ ከደራርቱ ቱሉ የበለጠ ምስክር የለም። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው ይህች አትሌት፣ ልጅ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በዚያው ርቀት ወርቁን ደግማዋለች። እኛ የምንጠይቀው ሜዳልያ አይደለም፤ ሳንቃትት ደረጃውን መውጣት ይበቃናል።

በመጨረሻም ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። ከ2 ወይም ከ3 ወር ልምምድ በኋላ ከደረጃው ሥር ሲያገኙት እንደ በፊቱ ከወገብዎ አይጎንበሱ። ተጠግተው ይቁሙ፤ ወንበሩ ላይ እንደተለማመዱት ጉልበትዎን አጥፈው መቀመጫዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ሆድዎን ያጥብቁ፤ ጀሪካኑን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው በጭንዎ ኃይል ይነሱ። ከተቻለም 20 ሊትሩን በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ከፍለው በግራና በቀኝ ይያዙት። ልጆቹ ወይም አባታቸው ቤት ካሉ ደግሞ አንዱን ያንሱልዎ፤ ውኃው የሁሉም ነውና።

ለመጀመር ሰኞን መጠበቅ አያስፈልግም። ይህን ጋዜጣ አጥፈው ሲያስቀምጡ ከተቀመጡበት ወንበር በእጅዎ ሳይደገፉ ይነሱ፤ መልሰው ይቀመጡ። 10 ጊዜ ይቁጠሩ። የመጀመሪያውን ልምምድ ጀመሩ ማለት ነው።