አሮጌ ኮምፒዩተራችሁን ለቆራሌው እንዳትሰጡ!

እቤታችሁ ጥግ ይዞ አቧራ የለበሰ ኮምፒዩተር የለም? ተጭኖ እስኪነሳ ቡናው ፈልቶ አቦሉ የሚያልቅ! "በቃ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ" ተብላችሁም ይሆናል። እኔ ግን ቆይ እላለሁ፤ የዛሬው ጨዋታችንም እሱ ነው።

የማውቃት አንዲት ሴት (ስሟ ይቆየን) ሁለት ልጆች የምታሳድገው በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። የእሷ ሁለት አሮጌ ማሽኖች ይሄን ከየት ያምጡ? አዲስ ልግዛ ብትል ገንዘቡ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ጭንቅ አይደለም ትላላችሁ?

መላው ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ዛሬ በነፃ የሚታደሉ ብዙ ዓይነቶች አሉት። ለደካማ ማሽን ከሚስማሙት ሉቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይጠቀሳሉ። ሚንት በ2 ጊጋባይት ራምና በ20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይሠራል፤ ራሙ 4 ቢሆንለት ግን ይመቸዋል። ፕሮሰሰሩም ባለ 64 ቢት መሆን አለበት።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፎቶውን፣ ጽሑፉን፣ ሁሉንም ሌላ ቦታ ገልብጡ! ከዚያ የሚንትን ፋይል አውርዳችሁ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፉት። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ኤፍ12 ወይም ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል። ፕሪንተሩን፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁን እዚያው ሞክሩ። ደስ ካላችሁ ብቻ ጫኑት። "ዲስኩን አጥፋ" የሚለውን ከመረጣችሁ ግን የነበረው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል፤ ኋላ ማልቀስ የለም!

አሁን ደግሞ ሐቁን ልንገራችሁ። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። በጥንቶቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤም ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለዚህ ነው ያቺ ሴት አንዱን ማሽን ከኢንተርኔት ነቅላ ለድሮ ሥራዎቿ ያስቀረችው። ሌላው ላይ ሚንት ጫነች፤ በሊብሬኦፊስ ትጽፋለች፣ አማርኛውንም ከኪቦርድ ምርጫው ላይ ጨምራለች። ደንበኛ በፍላሽ የሚያመጣው የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ አይነሳም። ግን ፋይሉን ገልብጣ ለሌላ ደንበኛ ከሰጠች ቫይረሱም አብሮ ይሄዳል፤ እሱን ልብ በሉ።

እንደ አዲስ ይከንፋል ብዬም አልዋሽም። በ2 ጊጋ ራም ኢንተርኔት ላይ አሥር ገጽ ከከፈታችሁ ያቃስታል። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ የድሮውን ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቀይሩት፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

እናም ወገኖቼ፣ ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት አንድ ፍላሽ ፈልጉ። ከፍላሹ አስነስቶ መሞከር ዲስካችሁ ላይ ያለውን አይነካም። መልካም ሙከራ!